እንቁላል ውስኪ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

ውስኪ በሎሚ ሲባል የሚደነግጥ የለም። እንቁላል ተጨምሮበታል ሲባል ግን ብዙ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ጥሬ እንቁላል፣ ያውም ከአልኮል ጋር! ሆኖም ውስኪ ሳወር የተባለው የአሜሪካኖች ኮክቴል በደህና ባር ሲታዘዝ አናቱ ላይ ጣት የሚያህል ነጭ አረፋ ይዞ የሚቀርበው በእንቁላል ነጭ ነው። ቀምሶ «እንቁላል እንቁላል ይላል» የሚል ሰው ካለ መጠጡ በደንብ አልተሠራም። በትክክል ሲሠራ እንቁላሉ በጣዕም አይገኝም። ታዲያ ጣዕም የማይሰጥ ነገር ለምን ይጨመራል?

የሚገባው ለልስላሴ ነው። የሎሚውን ስለት ያለዝባል፣ ውስኪው ከበርሜል ያመጣውን ምላስ የሚያደርቅ ጠባይ ያረግባል፣ ከላይ ደግሞ አረፋ ሆኖ ከንፈር ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በነጩ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ናቸው። የኮክቴል ቪዲዮዎች ላይ እንደ ሥርዓት የሚደጋገሙት ነገሮች ሁሉ፣ መጀመሪያ ያለ በረዶ መነቅነቁ፣ ሎሚው ትኩስ ይሁን መባሉ፣ አረፋው ላይ የሚንጠባጠበው ቡናማ መራራ ነገር፣ እነዚያ ፕሮቲኖች ከሚሠሩት ሥራ የመጡ ናቸው። ሥራውን የተረዳ ሰው ልኬቱን ቢረሳ እንኳ መጠጡን አያበላሽም።

እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት

ሳወር የአንድ መጠጥ ስም ብቻ ሳይሆን የአንድ ወገን መጠሪያ ነው። ጠንካራ አልኮል፣ የሎሚ ጭማቂና ስኳር የተገናኙበት ሁሉ ከዚህ ወገን ይቆጠራል። ሮም በተባለው የሸንኮራ አገዳ አልኮል ሲሠራ ዳይኪሪ ይባላል፤ በተኪላ ሆኖ የስኳሩን ቦታ የብርቱካን ሊከር (ጣፋጭ አልኮል) ሲይዘው ማርጋሪታ ይሆናል። ብዙዎች የወገኑን ሥር ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ያያይዙታል። መርከበኞቹ በየቀኑ የሚሰፈርላቸው ሮም ነበራቸው፤ አድሚራል ኤድዋርድ ቬርነን እ.ኤ.አ. በ1740 ሮሙ በውኃ ተበርዞ እንዲታደል አዘዘ፤ ሎሚና ስኳር የሚያገኝ መርከበኛም ጨምሮበት ይጠጣ ነበር። በ1747 የመርከብ ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ ብርቱካንና ሎሚ ድድ የሚያደማውንና መርከበኛ የሚፈጀውን የስከርቪ በሽታ እንደሚያሽሩ በሙከራ አሳየ። ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በመደበኛነት ማደል የጀመረው ግን በ1795 ነው፤ ከሙከራው ወደ ትእዛዙ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር፣ ስመ ጥሩው የኒው ዮርክ ባርማን ጄሪ ቶማስ በ1862 ባሳተመው የመጠጥ አሠራር መመሪያ ውስጥ ሳወር ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ይገኛል። በ1870 ደግሞ ውስኪ ሳወር በስሙ ተጠርቶ በአንድ የዊስኮንሲን ጋዜጣ ላይ ወጣ። የቶማስ ሳወሮች እንቁላል የለባቸውም። እንቁላል ነጩ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ዛሬም አንዳንድ ባርማኖች ለመለየት ሲሉ እንቁላል ያለበትን ቦስተን ሳወር ይሉታል። ፔሩ ውስጥ ግን ክርክር የለም። በየዓመቱ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የራሱ ብሔራዊ ቀን የሚከበርለት ፒስኮ ሳወር ያለ እንቁላል ነጭ አይታሰብም።

ለአንድ ብርጭቆ የምሠራበት ልኬት ይህ ነው፦ 60 ሚሊ ሊትር ቡርቦን (በቆሎ የሚበዛበት የአሜሪካ ውስኪ)፣ 25 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ፣ 20 ሚሊ ሊትር የእንቁላል ነጭ። ዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር ያጸደቀው ልኬት ውስኪውን ወደ 45 ሚሊ ሊትር ዝቅ ያደርገዋል፤ እንቁላሉንም «ከተፈለገ» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ 45 ያንሳል። አረፋው የውስኪውን መዓዛ ስለሚያፍን ከሥሩ ያለው መጠጥ ትንሽ ጉልበት ያስፈልገዋል።

ትልቅ እንቁላል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነጭ ይወጣዋል። ስለዚህ የፈረንጅ እንቁላል ሲሆን ሁሉን አለመገልበጥ፣ የሐበሻ እንቁላል ሲሆን ደግሞ ሙሉውን ማድረግ ነው። ነጩ ሲበዛ አረፋው ያምራል፤ መጠጡ ግን ውኃ ውኃ ይላል፣ ሽታም ያመጣል።

ስለ ሎሚው አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካኖቹ አሠራር የሚፈልገው ትልቁን፣ ቆዳው ወፍራሙን ቢጫ ሎሚ ነው። አገር ቤት ገበያ በብዛት የምናገኘው ትንሹን፣ ቆዳው ስሱን ነው። በአሲድ መጠን ይቀራረባሉ፤ ከጭማቂው 6 በመቶ አካባቢ አሲድ ነው። ትንሹ ግን መዓዛው ይበረታል፣ ከኋላው ምሬት ያመጣል። በእሱ የሚሠራ ሰው ከ20 ሚሊ ሊትር ጀምሮ እየቀመሰ ቢጨምር ይሻለዋል፤ የሚወጣውም መጠጥ ከአሜሪካኑ የተለየ እንጂ ያነሰ አይደለም። የማልስማማው በጠርሙስ ከሚሸጠው ጭማቂ ጋር ነው። የአሜሪካ ባሮች ሎሚ መጭመቁን ትተው በዱቄትና በጠርሙስ የሚመጣ «ሳወር ሚክስ» በማፍሰስ ይህን መጠጥ ለብዙ ዓመት ስሙን አጥፍተውታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርኩ ሬይንቦው ሩም ባርማን ዴል ደግሮፍ ትኩስ ጭማቂን መልሶ ባያመጣ ኖሮ ዛሬ ስለ እንቁላሉ የምናወራበት ምክንያትም ባልኖረ።

ስኳሩ ሽሮፕ የሚሆነው በቀዝቃዛ አልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ ነው፤ ደረቁን ከጨመሩት ታች ይዘቅጣል። አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ሙቅ ውኃ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በማር መሥራትም ይቻላል፤ ማሩን በእኩል ሙቅ ውኃ ማቅጠን ነው። አገራችን ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ሆና ሳለ በባሮቻችን የማር ሽሮፕ ብዙም አለማየቴ ይገርመኛል።

ውስኪው ለምን ቡርቦን ሆነ? በአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚያርፈውም ውስጡ በእሳት በጠቆረ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። በቆሎው ጣፋጭነት፣ አዲሱ በርሜል ቫኒላና ካራሜል የሚል መዓዛ ይሰጡታል፤ ሁለቱም ከሎሚ ጋር ይስማማሉ። ከራይ እህል የተሠራው ደግሞ ቅመም ቅመም ይላል፣ ደረቅ ነው፤ ጣፋጭ ለማይወድ ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። እኛ ዘንድ በየባሩ የሚገኘው ስኮች ነው። ብዙዎቹ የተቀላቀሉ ስኮቾች ትንሽ ጭስ አላቸው፤ ጭሱ ከአረፋው ጋር ሲገናኝ ለአንዳንድ ሰው አይጥምም። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ ስኳሩን በማር ቀይሮ መሞከር ነው፤ ጭስና ማር ይዋደዳሉ። አሥራ ስምንት ዓመት ያረፈ ውድ ውስኪ ግን ለዚህ አይባክንም።

አረፋው እንዴት ይቆማል?

የእንቁላል ነጭ 90 በመቶ ገደማ ውኃ ነው። ከቀረው አብዛኛው ፕሮቲን ሲሆን ከፕሮቲኑ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦቫልቡሚን ይባላል። እያንዳንዱ የፕሮቲን ሞለኪውል ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ ግን እንደ ፈትል ልቃቂት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የሚጠቀለለው በዘፈቀደ አይደለም። ከሰንሰለቱ ላይ ውኃ የሚወዱ ክፍሎች አሉ፣ ውኃ የሚሸሹም አሉ፤ የሚሸሹት ወደ ውስጥ ተደብቀው፣ የሚወዱት በውጭ ቀርተው ነው የሚኖሩት።

ሼከሩ (መጠጡ የሚነቀነቅበት ባለ ክዳን ዕቃ) ሲናጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አየር ወደ ፈሳሹ ገብቶ ይበታተናል፤ የንጠቱ ኃይል ደግሞ ልቃቂቱን ይተረትረዋል። ተደብቀው የነበሩት ውኃ ሸሾች ሲጋለጡ መሸሻ ይፈልጋሉ፤ ቅርብ ያለው መሸሻ የአየሩ አረፋ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ በአየሩና በፈሳሹ ድንበር ላይ ይሰለፋል፤ አንዱ ወገኑ ወደ አየር፣ ሌላው ወደ ፈሳሽ ይዞራል። ጎን ለጎን የተሰለፉት ደግሞ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በእያንዳንዷ የአየር ጠብታ ዙሪያ ስስ መረብ ተሠራ ማለት ነው። አረፋው ቶሎ የማይከስመው በዚህ መረብ ምክንያት ነው።

እስከዚህ የነገርኩዎት ኬክ ለሚጋግር ሰው አዲስ አይደለም። ሳወርን የሚለየው ሌሎቹ ሦስቱ ነገሮች በዚህ ሥራ ላይ የሚያደርጉት ነው።

ከሎሚው እንጀምር። የእንቁላል ነጭ በተፈጥሮው ወደ አልካላይ፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያጋደለ ነው፤ እንቁላሉ ሲቆይ ፒኤች ልኩ ከ9 በላይ ይወጣል። በዚያ ሁኔታ ፕሮቲኖቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ በቅርብ ተሰልፈው ጥብቅ መረብ መሥራት ያቅታቸዋል። ሎሚ ሲገባ መገፋፋቱ ይቀንሳል። ፕሮቲኖቹ ይቀራረባሉ፣ መረቡ ይጠብቃል። እንቁላል ነጭ የሚመቱ ጋጋሪዎች ጠብታ ሎሚ የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው።

ስኳሩ የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። አረፋ የሚሞተው በዋነኛነት በመንጠፍጠፍ ነው፤ በአየር ጠብታዎቹ መካከል ያለው ፈሳሽ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። ስኳር ፈሳሹን ያወፍረዋል፤ ወፍራም ፈሳሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ስለ ጤና ብሎ ሽሮፑን ወደ 5 ሚሊ ሊትር የሚቀንስ ሰው አረፋው በአንድ ደቂቃ ሲከስምበት ጥፋቱን በእንቁላሉ ላይ ይጥላል፤ እንቁላሉ ግን ድርሻውን ሠርቷል።

አልኮሉ ሁለት ፊት አለው። እሱም ፕሮቲንን ይተረትራል፤ በልኩ ከሆነ ሥራውን ያፋጥነዋል። ከበዛ ግን የተተረተሩት ሰንሰለቶች ከልክ በላይ ይያያዙና ይረጋሉ። ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው ንጹህ ውስኪ ውስጥ ጥቂት የእንቁላል ነጭ ጠብ አድርጎ ይጠብቅ፤ ነጫጭ ክሮች ሲፈጠሩ ያያል፤ ያለ እሳት የበሰለ እንቁላል ማለት ነው። በሳወር ውስጥ ይህ የማይሆነው ሎሚውና ሽሮፑ አልኮሉን ስለሚያቀጥኑት ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፦ መጀመሪያ እንቁላል ነጩ፣ ከዚያ ሎሚውና ሽሮፑ፣ ውስኪው መጨረሻ፤ ውስኪው እንደገባ ወዲያው መነቅነቅ። ይህ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው። አስኳሉ ፈርጦ ቢቀላቀል የሚደፋው ርካሹ እንጂ ውስኪው አይሆንም።

አስኳል ከተቀላቀለ መድፋት ግዴታ ነው። አስኳል ቅባት አለው፤ ቅባት ደግሞ የፕሮቲኑን ቦታ በአየሩ ድንበር ላይ እየቀማ መረቡን ይበጥሰዋል። በደንብ ያልታጠበ፣ የዘይት ወዝ ያለበት ሼከርም ያንኑ ያደርጋል።

አሁን መነቅነቁ

ባርማኖች ድራይ ሼክ የሚሉት መጀመሪያ ያለ በረዶ መነቅነቅን ነው። ምክንያቱን አሁን መገመት ይቻላል። ብርድ የፕሮቲኑን መተርተር ያዘገየዋል፣ እየቀለጠ የሚገባው ውኃም ሁሉን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ፕሮቲኑ በክፍል ሙቀት ሥራውን እንዲጀምር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ በኃይል ይነቀነቃል፤ ከዚያ በረዶ ተሞልቶ ሌላ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ።

ያለ በረዶ ሲነቀነቅ አንድ አደጋ አለ። በረዶ ያለበት ሼከር ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ክዳኑ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ያለ በረዶ ይህ የለም፤ እንዲያውም አረፋው ሲነፋ ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሁለት እጅ አጥብቆ ያልያዘ ሰው ግድግዳው ላይ እንቁላል ይጠብቀዋል። ሼከር ለሌለው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል፤ እንዲያውም ውስጡ ስለሚታይ ለጀማሪ ሳይሻል አይቀርም።

ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡም አሉ፤ መጀመሪያ በበረዶ ነቅንቀው፣ በረዶውን አጥልለው ጥለው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ በረዶ ይነቀንቃሉ። አረፋው በእርግጥም ይወፍራል፤ መጠጡ ግን ትንሽ ይሞቃል። በዚህ ጉዳይ ባርማኖች ሲከራከሩ መስማት ያዝናናል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያው ይበቃዋል።

በረዶው ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው። በዚያች 15 ሰከንድ ከመጠጡ መጠን ከሩብ በላይ የሚሆን ውኃ ይጨምርበታል፤ ይህ ውኃ የአሠራሩ አካል ነው፤ ያለ እሱ መጠጡ ይከብዳል። ትልልቅና ደረቅ በረዶ ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ልኩን ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ውኃ የጀመረው ደቃቅ በረዶ ግን ገና ሳይቀዘቅዝ ያቀጥነዋል። እግረ መንገዴን ልጥቀሰው፦ ጥሬ እንቁላል የሚፈራ ሰው በረዶው ከምን ውኃ እንደተሠራ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ያልተጣራ የቧንቧ ውኃ ቀዝቅዞ በረዶ ስለሆነ አይነጻም።

ሲገለበጥ በሼከሩ ማጥለያ ላይ ደቃቅ ወንፊት መደረብ ጥሩ ነው። አስኳሉን በቦታው የሚይዘው ነጭ ክር መሰል ነገር አለ፤ ከንፈር ላይ ቢገኝ ሰውን እስከወዲያኛው ከዚህ መጠጥ ያስኮርፋል። ወንፊቱ የበረዶ ፍርፋሪውንም፣ ትልልቆቹን የአየር ጠብታዎችም ያስቀራል። ብርጭቆው ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲጠብቁት ፈሳሹ ከሥር ይጠራል፣ አረፋው ከላይ ይለያል፣ ድንበሩም ይታያል።

አረፋው ላይ ሦስት አራት ጠብታ መራራ ይንጠባጠባል፤ የተለመደው አንጎስቱራ ነው። ዮሐን ሲገርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 ቬኔዙዌላ ውስጥ ለሆድ መድኃኒት ብሎ የቀመመው ነው፤ ዛሬ የሚመረተው በትሪኒዳድ ነው። ብዙ ሰው ለጌጥ የሚደረግ ይመስለዋል፤ በስንጥር እየጎተቱ ልብ መሳያ ስለሚያደርጉትም አይፈረድበትም። ዋናው ሥራው ግን ሽታ መሸፈን ነው። የእንቁላል ነጭ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ባርማኖች «እርጥብ ውሻ» የሚሉት ሽታ ያመጣል፤ ጠጪው ሲጎነጭ አፍንጫው አረፋው ላይ ነው። መራራው ቀረፋና ቅርንፉድ በሚያስታውስ መዓዛው ቀድሞ ይደርሳል። ከሌለ፣ የሎሚ ልጣጭ አረፋው ላይ ጨምቆ ዘይቱን መርጨት ወይም ጥቂት ነትሜግ መፈቅፈቅ ይተካዋል።

ምላስ ላይ የሚሆነው

ይህ ክፍል ለእኔ ከአረፋው ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም። ውስኪ ከኦክ በርሜል ታኒን ይቀበላል። ታኒን ምላስ ሲያገኝ በምራቅ ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይያያዛል፣ ያረጋቸዋልም፤ ምራቅ ማለስለሱን ሲተው አፍ የደረቀ፣ የተጨማተረ ይመስላል። የከረረ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሎሚ ሲጨመር ይህ መጨማተር ይብሳል።

እንቁላል ነጭ ካለ ግን ታኒኑ ምላስ ሳይደርስ የሚያያዘው ሌላ ፕሮቲን ያገኛል። የፈረንሳይ ቦርዶ ወይን ጠማቂዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ 225 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ አምስት ስድስት የእንቁላል ነጭ ይጨምራሉ፣ ነጩ ሻካራውን ታኒን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ወይኑ ይለሰልሳል። በብርጭቆ ውስጥ የሚሆነውም ከዚያ ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ ዝቃጩን ለይተን አለማስቀረታችን ነው።

ይህ ልስላሴ በነጻ አይመጣም። አረፋው አንዳንድ መዓዛዎችን ያፍናል፤ የሎሚውም ሹልነት ይደነዝዛል። ለዚህ ነው በበጋ ቀትር ጥም ለመቁረጥ ያለ እንቁላል የተሠራው የሚሻለው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥርስ ያለው ነው። እንቁላል ያለበት ተቀምጠው የሚጠጡት የማታ መጠጥ ነው።

ጥሬ እንቁላሉ አያሳምምም ወይ?

ሊያሳምም ይችላል። ስጋቱ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሳልሞኔላ የተበከለ እንቁላል በአገሪቱ በየዓመቱ ወደ 79,000 ሰው እንደሚያሳምምና 30 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። በነፍስ ወከፍ የሚበላውን እንቁላል ብዛት ስናስብ የአንድ እንቁላል ስጋት ትንሽ ነው፤ ግን አለ።

«አልኮሉና ሎሚው ይገድለዋል» የሚለውን አትመኑ። ሁለቱም ባክቴሪያን ይጎዳሉ፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። በዚህ ልኬት የተሠራ መጠጥ በረዶው ከቀለጠበት በኋላ አልኮሉ 16 በመቶ አካባቢ ነው፤ ተሠርቶ እስኪጠጣ ደግሞ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ያ አይበቃም።

ስጋቱ እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ የአንበሳ ማኅተም ያለባቸው እንቁላሎች ከተከተቡ ዶሮዎች ስለሚመጡ፣ የአገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2017 እርጉዝና አረጋውያን ሳይቀሩ በጥሬው ቢበሉት ችግር እንደሌለው አስታውቋል። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከነቅርፊቱ ፓስቸራይዝ የተደረገ እንቁላል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። እንቁላሉ 57 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ነጩ መርጋት የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ ከፍ ሲል ስለሆነ ሳይበስል ባክቴሪያው ይሞታል። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ትንሽ ስለሚነካው ግን አረፋ ለመያዝ ይለግማል፤ ያለ በረዶ የሚነቀነቅበትን ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው። በካርቶን የሚሸጠው የእንቁላል ነጭም እንዲሁ።

ክትባቱም ማኅተሙም በሌለበት፣ እንቁላል በሱቅ መደርደሪያ ላይ በሚውልበት አገር ጥንቃቄው የገዢው ነው። ቅርፊቱ የተሰነጠቀውን ወይም ቆሻሻ የያዘውን መተው፣ የተጣለበትን ቀን ከሚያውቅ ሰው መግዛት፣ ነጩን ሲለዩ አስኳሉን ከቅርፊት ወደ ቅርፊት ከማመላለስ በንጹህ ማንኪያ ማውጣት። የቅርፊቱ ውጭ ከውስጡ ይልቅ ይቆሽሻልና። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ይህን ሁሉ አድርጎም ባይነካው ይሻላል። ለእንግዳ የሚቀዳ ሰው ደግሞ እንቁላል እንዳለበት አስቀድሞ ይንገር፤ አለርጂ ያለበት ሰው በጣዕሙ ሊያውቀው አይችልም፤ መጠጡ በደንብ የተሠራ እንደሆነ ማለቴ ነው።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ ይህ መጠጥ ፍስክ ነው፤ እንቁላል አለበትና። ውስኪው ለራሱ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለውን ለንስሐ አባት ትቼ ስለ አረፋው ብቻ ልናገር። ሽምብራ የተቀቀለበት ውኃ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይይዛል። አኳፋባ የሚል ስም ወጥቶለት በዓለም የታወቀው ከ2014 ወዲህ ነው፤ አንድ ፈረንሳዊ ሙከራውን ካሰራጨ በኋላ። ሽምብራው ሲቀቀል ፕሮቲን፣ ስታርችና ሳፖኒን የተባለ አረፋ ወዳድ ንጥረ ነገር ወደ ውኃው ይለቃል። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽምብራ ያለ ጨው ቀቅሎ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ ውኃውን ዝልግልግ እስኪል ማፍላትና ማቀዝቀዝ ነው። ልኩ ከእንቁላሉ ትንሽ ይበልጣል፤ ለአንድ ብርጭቆ 25 ወይም 30 ሚሊ ሊትር። አረፋው ነጭና ጥሩ ነው፤ ጥቂት የሽምብራ ሽታ ስላለው መራራው አይቅር። የታኒኑን ማለስለስ ግን እንደ እንቁላሉ አልሆነልኝም።

ስለ ጥንካሬው ደግሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። 60 ሚሊ ሊትር 45 በመቶ ቡርቦን 27 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ይዟል፤ ወደ 21 ግራም ማለት ነው። በአሜሪካኖች መለኪያ አንድ መጠጥ 14 ግራም ስለሆነ አንድ ብርጭቆ ሳወር የሚቆጠረው አንድ ተኩል ተብሎ ነው። አረፋውና ስኳሩ ይህን ስለሚደብቁት ሰው ከደብል ውስኪ ይልቅ ይህንን በፍጥነት ይጨርሰዋል።

መኪና ለያዘ ወይም አልኮል ለማይነካ እንግዳ ያው አረፋ በሻይ ይሠራል። 60 ሚሊ ሊትር የከረረ ጥቁር ሻይ ቀዝቅዞ በውስኪው ቦታ ይገባል፤ የራሱ ታኒን ስላለው እንቁላሉ የሚያለሰልሰው አያጣም። አልኮል ስለሌለ ነጩ የመርጋት ስጋት የለበትም፣ አረፋውም እንዲያውም ይበልጥ ይቆያል። ሽሮፑን ወደ 15 ሚሊ ሊትር ዝቅ ማድረግ ነው፤ ውስኪው በሌለበት ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል። አንጎስቱራው ግን ራሱ አልኮል ስለሆነ በእሱ ፈንታ ጥቂት ቀረፋ ይፈቅፍቁበት።